በአያ ይርዳው ድንኳን ማን ይቀመጥ?

በአንድ ወቅት፣ ቴሌቪዥን ሽማግሌ ፍለጋ አገር ላገር በሚዞርበት ዘመን፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ባለች ትንሽ ከተማ ይርዳው የሚባል ግንበኛ ነበር። ዕድሜው መቶ ሦስት። ከአባቱ አንድ ጥማድ መሬት አልወረሰም፤ ሰው የሆነው በመዶሻው ነው። በከተማዋ ካሉት የድንጋይ ቤቶች ሃያ ሰባቱ የእጁ ሥራ ናቸው። ትልቁም ትንሹም «አያ ይርዳው» ይለዋል።

የመቁጠር ልማድ ነበረበት። ጉልበት ሳለው ድንጋይ ይቆጥር ነበር፤ ጉልበቱ ሲከዳው የቀበራቸውን ሰዎች መቁጠር ጀመረ። ሚስቱን ቀብሯል። ከስድስት ልጆቹ አምስቱን ቀብሯል። እድሩን አብረውት ካቋቋሙት አርባ ሰዎች አርባዎቹንም ቀብሯል። ስድስተኛው ልጁ ምሕረቱ አስከሬን አልነበረውም። በሃያ ዓመቱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ ሰባት ዓመት ወሬው ሲጠፋ፣ ሽማግሌዎች አባትዬውን «እርሙን አውጣ፤ ሰው እንዲህ ተንጠልጥሎ አይቀርም» ብለው መከሩት። ፎቶግራፉ ወጥቶ ተለቀሰለት፤ ስሙም ከእድሩ መዝገብ ተሰረዘ።

ሰው ሲመረቅ «ዕድሜ ይስጥህ» ይባላል፤ «ከነቀባሪህ» ብሎ የሚጨምር ግን የለም። አያ ይርዳው ዕድሜውን ተቀበለ፤ ቀባሪዎቹን ግን አንድ በአንድ በገዛ እጁ አፈር አለበሳቸው።

የባሰው ደግሞ የገዛ ራሱ ሕግ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ዋሴ የሚባል ዘመድ አልባ ውኃ ቀጂ ሞተና የእድሩ ድንኳን ሦስት ቀን ተተክሎ ዋለ። በሥሩ የሚጽናና ሰው ስላልነበረ አባላቱ ባዶ ፍራሽ ከበው ሲተያዩ ሰነበቱ። በስብሰባው ቀን ይርዳው ተነሣ። ያኔ ስድስቱም ልጆቹ በቤቱ ነበሩ። «ግድግዳ ሳይቆም ክዳን አይወጣም» አለ። «ሐዘንተኛ ለሌለው ድንኳን አይተከል።» ሰው ወደደው፤ ተጻፈ። በዓመቱ ከሁለት እናት የተወለዱ ወንድማማቾች በአባታቸው ለቅሶ ላይ «ዋናው ሐዘንተኛ እኔ ነኝ» ተባብለው ቢፈናከቱ፣ ይርዳው ሌላ አንቀጽ አስጨመረ፤ ለአንድ ለቅሶ አንድ ሐዘንተኛ። ልጅ ያለው በልጁ ስም ይጻፋል። ልጅ የሌለው ደግሞ ሳይሞት በገዛ አንደበቱ አንድ ስም ይጥራ። ካልጠራ፣ ይቀበርና ሰው ከመቃብሩ በር ይበተን።

በዚያ ሕግ እስካሁን ሦስት ሰዎች ተቀብረዋል። በሦስተኛዋ ቀብር ላይ አያ ይርዳው የመጣውን ሰው ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ዝናብ ሲያካፋ ሰባቱ ግብዐተ መሬቱ ሳያልቅ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የሚያየው የራሱን ሣጥንና አራት ሰዎችን ነው።

«መቶን የተሻገሩ» የሚል ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ የመጡት በዚህ መካከል ነው። አለቃቸው መቅደላዊት የምትባል ሴት ነበረች። ግቢውን አስጠረገች፣ አዲስ ጋቢ አለበሰችው፣ አጠገቡም አንድ ሳህን ማር አስቀመጠች።

«አባባ፣ የዕድሜዎ ምስጢር ምንድን ነው?»

«አለመሞት።»

ካሜራ የያዘው ሰውዬ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ምን እንደሚበላ ቢጠየቅ የሰጡትን እንደሚበላ ተናገረ። ማሩን እንዲቀምስ ቢለመን፣ ማር እንደማይወድ፣ ለሥዕሉ ካማረ ግን ይዞ መቀመጥ እንደሚችል ነገራቸው። እንዲህ እየተሳሳቀ ቆየና፣ ለወጣቶች ምን እንደሚመክር ስትጠይቀው ፊቱ ተለወጠ።

«ከልጆቻችሁ በላይ አትኑሩ» አለ። «ይሄ ዕድሜ አይደለም፤ እስራት ነው። እኔ ቀባሪ የለኝም፣ ልጄ። ይህን የሚያይ ዘመድ ካለኝ ይምጣ። አንድ ይበቃኛል።»

በሩ ላይ ምሳውን በሳህን ይዞ ዘለቀ ቆሞ ነበር። ዘለቀ በአጥር የሚዋሰነው ልብስ ሰፊ ነው፤ አያ ይርዳውን አሥራ አንድ ዓመት ያበላውና ያጠበው እሱ ነው። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ወጣ።

መቅደላዊት አባቷ ሲሞት ለሥራ ሩቅ አገር ሄዳ ቀብሩ ላይ ያልደረሰች ሴት ናት። ከካሜራው ጀርባ መጥታ ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከች። «እኔ አለሁ፤ እኔ እቀብርዎታለሁ» አለች።

እጇን ይዞ ዓይኗን መረመረ። «አደራ?»

«አደራ።»

ካሜራው ይህን ሁሉ ቀረጸ።

ማታ ዘለቀ እንደ ወትሮው የሽማግሌውን እግር ለብ ባለ ውኃ ሲያጥብ ቆየና ቀና ሳይል ጠየቀ። «ለመሆኑ አያ፣ እኔን ምን ብለው ነው የሚቆጥሩኝ?»

አያ ይርዳው እሑዶቹን በልቡ ቆጠረ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አምስት መቶ ሰባ ሁለት እሑዶች አሉ፤ በእያንዳንዱ እሑድ ዘለቀ አዝሎ ቤተ ክርስቲያን አድርሶታል። ሐዘንተኛዬ ብሎ ስሙን ሊጠራ አፉ ላይ የደረሰበት ቀን ብዙ ነው። ግን «ሰውዬውን በቁሜ አሸክሜው፣ ሬሳዬንም ተሸከም፣ ፍራሼ ላይም ተቀመጥ፣ ተዝካሬንም አውጣ ልበለው?» እያለ ያፍር ነበር። ዘለቀም በበኩሉ አንድ ቀን «ልጅዎ ልሁን» አላለም፤ ለቤቱ ብሎ ነው እንዳይባል ሰግቶ። ሁለቱም አፍረው አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በጤናው ቀን ካልተናገረው በኋላ ይከብዳል።

ፊልሙ ሊታይ ሲል የመቅደላዊት አለቃ አየው። ሰው እሑድ አመሻሽ ላይ ተዝናንቶ ማደር እንጂ ቀብር ማየት አይፈልግም፤ ማሩና ቀልዱ ይበቃል፣ የቀረው ይቆረጥ አለ። መቅደላዊት እሺ ብላ ወጣች፤ አንዲት ቃል ግን አልቆረጠችም። ሽማግሌው «ቀባሪ የለኝም» ሲል፣ «ዘመድ ካለኝ ይምጣ» ሲል አገር ሁሉ ሰማ። ሰኞ ጠዋት ከሥራዋ ተሰናበተች። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበትን ጠረጴዛ ዕቃ በአንድ ካርቶን ሰብስባ፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ያለ ካሜራ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ አደራዋን ልትወጣ።

በዚያው እሑድ ቴፒ ከተማ ውስጥ እናትነሽ የምትባል አራስ ከተኛችበት ሆና ያን ፊልም አየች። ከወለደች አሥራ ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። የከተማዋን ስም ስትሰማ ተነሥታ ተቀመጠች፤ የሽማግሌውን ስም ስትሰማ መታወቂያዋን ከትራሷ ሥር አውጥታ አነበበች፤ እናትነሽ ምሕረቱ ይርዳው። አባቷ ጦርነቱ ላይ ተማርኮ ኖሯል። ተለቆ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኘው ያገሩ ሰው እርሙ እንደ ወጣ ነገረው። «የተለቀሰለት ሰው በየትኛው በር ይገባል?» ብሎ አፍሮ ተመለሰ፤ ቡና ሲለቅም ኖሮ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እናትነሽ ልብሷን ስትለብስ የአከራይዋ ጩኸት ጎረቤት ጠራ። አራስ አርባዋ ሳይሞላ መንገድ ትወጣለች ወይ አሏት። «አያቴስ አርባ ቀን አለው ወይ?» አለቻቸው። ልጇን ደረቷ ላይ ጠቅልላ በአራት ቀን አራት አውቶቡስ ቀያየረች። ሦስተኛው አውቶቡስ ላይ ሕፃኑ አተኮሰው፤ እያለቀሰች ጡቷን ሰጠችው እንጂ አልተመለሰችም።

ሰኞ ዕለት አያ ይርዳው መዋጥ አቃተው። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ዓይኑንም ምላሱንም አየችና ዘለቀን ወደ ውጭ ጠራችው፤ እስከ ነገ ማታ ከቆዩ ብዙ ነው አለችው። ዘለቀ የልብስ ስፌት ሱቁን ዘጋ። ለሠርግ የሚሰፉ አራት ልብሶች ተቆርጠው ተቀምጠው ነበር፤ ባለቤቶቹ በሩ ላይ መጥተው ተሳደቡ፤ አልከፈተም። ጥጥ በወተት እየነከረ በየአሥር ደቂቃው በሽማግሌው ከንፈር ላይ ጠብ ያደርግ ነበር። ራሱ ቁጭ ብሎ ሸለብ ሲያደርገው ሚስቱ ትቀበለዋለች። ያ «ቀባሪ የለኝም» የሚለው ቃል በጆሮው እንዳለ ነው፤ ጥጡን ግን አላቋረጠም። ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ከላይኛው አንዷ ከታችኛው መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ልዩነት በር ሲያንኳኩ አያ ይርዳው ገና ይተነፍስ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ፈንታሁን መዝገቡን በብብቱ ይዞ ደረሰ። አባቱ ከአርባዎቹ መሥራቾች አንዱ ነበር። ሰዎቹ ማን ማን እንደሆኑ ጠየቀ፤ የእናትነሽን መታወቂያ ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየ። የድንኳኑ ብረቶች ከአጥሩ ጋር ተደግፈው ቆመዋል፤ ደመናው ከበረሃው በኩል ወጥቶ ከብዷል።

መቅደላዊት ሦስቱም ቢጻፉ ምን አለበት ብላ ለመነችው። ፈንታሁን ራሱን ነቀነቀ። «ሕጉን ያወጡት እኮ እሳቸው ናቸው። በሳቸው ከፈረሰ በማን ይጸናል? ልጅ ብለን እንዳንጽፍ ምሕረቱ ተሰርዟል። እሳቸው ይጥሩ።»

«እንግዲያው አደራ ያሉት እኔን ነው» አለች መቅደላዊት። «አገር ሰምቷል።»

እናትነሽ ሕፃኑን ከሽማግሌው ደረት ላይ አስተኛችው። «አባቴን በቁሙ ቀበራችሁት» አለች። «እኔንም ልትሰርዙኝ ነው?»

ፈንታሁን ወደ ዘለቀ ዞረ። ዘለቀ ጥጡን ወተት ውስጥ ነከረ። «እኔ ከየትም አልመጣሁም» አለ። «እዚሁ ነበርኩ።»

አያ ይርዳው ሁሉንም ሰማ። ዓይኑ አንድ ብሎ መቅደላዊትን ቆጠረ፤ እሷ ቃሉን ለአገር ባታሰማለት ኖሮ የልጅ ልጁ አታገኘውም ነበር። ሁለት ብሎ እናትነሽን ቆጠረ፤ እሷ ባትመጣ ኖሮ ደሙ እንደ ተሰረዘ ይቀር ነበር። ሦስት ብሎ ዘለቀን ቆጠረ፤ ጥጡ ባይኖር ኖሮ ሁለቱም ሬሳ ላይ ነበር የሚደርሱት። መቅደላዊትን ካልጠራ አደራ በላ ይሆናል። እናትነሽን ካልጠራ ልጁን ሁለተኛ ይቀብረዋል። ዘለቀን ካልጠራ ደግሞ ዘለቀ አምስት መቶ ሰባ ሁለቱን እሑድ በከንቱ ተሸክሞታል ማለት ነው። ደረቱ ላይ ሕፃኑ ትኩስ ትንፋሹን ይተነፍሳል። አንድ እንኳ አጥቶ ሲያለቅስ ለኖረ ሰው ሦስት ሰው መጣለት፤ ፍራሹ ግን አንድ ነው፣ ሕጉም የእሱ ነው።

በዓይኑ ጠቀሰና ዘለቀ ደግፎ አስቀመጠው። ፈንታሁን ብዕሩን ከፈተ።

«ይጥሩ፣ አያ። አንደበትዎ ሳይዘጋ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ «ውሰደኝ» እያለ ሲለምን የኖረው ሰው ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «አንድ ቀን ጨምርልኝ» አለ፤ ከዚያ በፊት አንድም ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ቆርቆሮው ላይ የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታዎች አረፉ። ውጭ ያሉት ሰዎች የድንኳኑን ብረት ይዘው ቆመው፣ ይትከሉት ወይስ ወደ እድሩ ቤት ይመልሱት እንደሆነ ለማወቅ ወደ በሩ ይመለከታሉ። አያ ይርዳው ከንፈሩን አላቀቀ። የቀረችው ትንፋሽ ለአንድ ስም ትበቃለች፤ ለሁለት አትበቃም።

እንግዲህ ሰሚዎች፣ ፍረዱ። ያቺ አንዲት ትንፋሽ የእናንተ ብትሆን፣ ማንን ትጠሩ ነበር? አደራውን የተቀበለችውን፣ ደሙን ይዛ የመጣችውን፣ ወይስ እዚያው የነበረውን?