የአህያው ፖድካስት እና ታማኙ አድናቂ

አንድ ጊዜ ከአንድ ወፍጮ ቤት እህል የሚያመላልስ ቡላ የሚባል አህያ ነበር። ቡላ ሥራውን አይጠላም። ጤፍ ሲጭኑት ይሄዳል፤ ዱቄት ሲጭኑት ይመለሳል። የሚከፋው በአንድ ነገር ብቻ ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር ሰዉ ሁሉ «ኧረ ይሄን አህያ ዝም አሰኙልን!» ይላል። ቡላ ደግሞ የሚለው ሞልቶታል፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ሰው ጠባይ። ኩንታል ተሸክሞ ሲሄድ የሚያስበው ሐሳብ ቢመዘን ራሱን የቻለ ሌላ ኩንታል ይወጣዋል።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተረስቶ የቀረ ስልክ አገኘ። አህያ በስልክ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ አህያው አሰበ ሲባል ዝም ብሎ ያለፈ ሰው እዚህ ላይ ባይነሳ ጥሩ ነው። በዚያ ዘመን ስልክ የሌለው አውሬ አልነበረም።

ቡላ ስልኩን በጥርሱ ይዞ እመት ቀበሮ ዘንድ ሄደ። እመት ቀበሮ ከወፍጮ ቤቱ በታች ቁጥቋጦ ውስጥ ትኖራለች። የማታውቀው ነገር የለም፤ ካለም ታውቀዋለች።

«እመት ቀበሮ፣ ፖድካስት ልጀምር ነው።»

«እሰይ! ስለ ምን?»

«ስለ እኔ።»

ቀበሮዋ አየችው። ጎኑን አየች፣ ታፋውን አየች፣ ዞር ብላ ደግሞ ከኋላ አየችው።

«በጣም ጥሩ ርዕስ ነው» አለች። «ጀማሪ የሚሳሳተው የት ነው መሰለህ? በደፈናው ሲያወራ ነው። አድማጭ ዝርዝር ይወዳል። የት ትውላለህ፣ የት ታመሻለህ፣ በየት በኩል ትገባለህ፣ ማን አብሮህ አለ። እሱን ስትነግረው ልቡን ይሰጥሃል።»

«ማይክ አያስፈልገኝም?»

«በዚህ ድምፅ? ማይኩ ይጎዳል እንጂ አንተ ምን ትሆናለህ። ዋናው ቦታ ነው። ግቢ ውስጥ ወፍጮው ያጓራል፣ ውሻው ይጮኻል። ከወንዙ ማዶ ያለው የጭድ ቤት ግን ጸጥ ያለ ነው። ጭድ ድምፅ አያስተጋባም።»

«ብቻዬን? አያሰጋም?»

«የሚፈራ ሰው ፖድካስት አይጀምርም፤ ስብሰባ ነው የሚሄደው።»

«ድምፁን ቆርጦ መቀጠሉን ግን አልችልበትም። ሰኮና ነው ያለኝ።»

«በቀጥታ አስተላልፍ። ለጀማሪ የሚያምርበት በቀጥታ ነው።»

ቡላ አመስግኗት ሄደ። ደግነቷ እየገረመው ነው የሄደው። እመት ቀበሮ ደግሞ ያንኑ ቀን ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ወርዳ «እኔ ሆድ ዕቃው ይበቃኛል፤ ሌላው ያንተ ይሁን» ብላ ተስማማች። ይህን ቡላ አያውቅም። እናንተ ግን እወቁት፤ አለዚያ የሚቀጥለው ነገር ደስ የሚል ይመስላችኋል።

ሥራ ሲያልቅ ቡላ ወደ ጭድ ቤቱ ለመሄድ ከግቢው ሲወጣ፣ በሩን የሚጠብቀው ሽማግሌው ውሻ ጋሽ መከተ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«ወዴት ነው?»

«ፖድካስት ላስተላልፍ ነው፣ ጋሽ መከተ።»

«እሺ» አለ ጋሽ መከተ። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

ቡላ ፖድካስቱን «ከጭነት በኋላ» ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ቀን «ውድ አድማጮቼ፣ በያላችሁበት እንደምን አመሻችሁ» ብሎ ጀመረ። በያላችሁበት ያላቸው አንድ አድማጭ ናቸው። ያም አንዱ ዝም ብሎ ሰምቶ ዝም ብሎ ወጣ። ቡላ ተሳስቶ የገባ ሰው መስሎት ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

በማግስቱ ግን ሁለተኛ አድማጭ መጣ። ይኸኛው ደግሞ ጻፈ።

«ወንድሜ ቡላ፣ ስትናገር ምራቄ ይመጣል። በርታ! ለመሆኑ የጭድ ቤቱ በር በየት በኩል ነው? አድናቂህ።»

አያ ጅቦ ነበር። ቡላ ምን በወጣው፣ እንባው መጣ። በሕይወቱ «ዝም በል» እንጂ «በርታ» ያለው አልነበረም።

«ውድ አድናቂዬ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «በሩ በወንዙ በኩል ነው። መዝጊያ የለውም፤ በገመድ ነው የታሰረው።»

ሌላ ቀን አድናቂው «ወንድሜ፣ ከሳህ ወይስ ወፈርክ? እንደ ወንድም ተጨንቄ ነው» አለ።

«ሰሞኑን ፉርሽካ እየጨመሩልኝ ነው፤ ወፍሬያለሁ።»

«ተመስገን። ስትራገጥስ በየትኛው እግርህ ነው?»

«በኋላ እግሮቼ ነው። በፊት ለፊት የመጣብኝን ምንም አላደርገውም፤ ጠባዬ ነው።»

ያ የመጀመሪያው አድማጭ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ቃል አልጻፈም። ይገባል፤ ይቀመጣል። ቡላ በመጨረሻ ተቀየመና በቀጥታ ሥርጭት ላይ ተናገረ። «ከአድማጮቼ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ደግሞም አላውቀውም፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰው ማለት እንደ አድናቂዬ ነው! አድናቂዬ፣ እንዲያውም ለምን ነገ እንግዳዬ ሆነህ አትመጣም?»

«መጣሁ» የሚለው መልስ ቡላ ተናግሮ ሳይጨርስ ደረሰ።

በነጋታው ቡላ ለእንግዳው ክብር የጭዱን ወለል በአፍንጫው አስተካክሎ፣ ስልኩን ከፍቶ ጠበቀ። ጅብ መምጣት የነበረበት ከጨለመ ነው። አያ ጅቦ ግን ሆዱ አላስችል ብሎት ፀሐይዋ ገና ስትጠልቅ መጣ። ገመዱን ፈታ፤ በፊት ለፊት ገባ።

«አድናቂህ ነኝ» አለ።

የቡላ ጆሮዎች ወደ ኋላ ተጣጠፉ። በሩ አንድ ነው፤ እዚያ ላይ ጅብ ቆሟል። የገመዱን ነገር ማን ነገረው? ቡላ። የእግሮቹን ነገርስ? እሱም ቡላ። ጅቡ አፉን ከፈተ። ቡላ ለዚህ ቀን ብሎ ያጠናውን አለ።

«ክቡር እንግዳችን፣ እንኳን ደህና መጡ። እስቲ ራስዎን ለአድማጮቻችን ያስተዋውቁልን።»

አያ ጅቦ አፉን እንደከፈተ ቀረ። በዕድሜው ሰው ሲያየው ይሮጣል እንጂ እንዲህ ብሎት አያውቅም።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን።»

«የሚሰማ አለ?»

«አንድ አለ።»

አያ ጅቦ ተቀመጠ። ጎፈሬውን በምራቁ አስተኛ። «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» አለ። የት ተማረው አይባልም፤ ማይክ የቀረበለት ሁሉ የሚለው ነው። ቀጥሎ ደግሞ ያው የሁሉም ጥያቄ መጣ። «ሰላምታ ማቅረብ ይቻላል?»

«እንዴታ!» አለ ቡላ። «ማንም እንዳይቀየም ሁሉንም ይጥሩ።»

«እንግዲያው ታላቅ ወንድሜን ጎረደማን ከነቤተሰቡ፣ አክስቴን እትዬ ሙዳን፣ በበሽታ ምክንያት ዋሻ የዋለውን አጎቴን፣ ሰላም ብያለሁ። ግን እንዳትመጡ! ያለው አንድ አህያ ነው፣ ለእኔም አይበቃኝ። ከወንዙ ማዶ ያለው የጭድ ቤት ነኝ፤ በሩ በወንዙ በኩል ነው፤ ገመዱን ፈትቼዋለሁ። በዚያ በኩል እንዳትመጡ! ጎረደማ፣ አንተን ነው!»

ከግድግዳው ውጭ የእመት ቀበሮ ድምፅ ተሰማ። «አያ ጅቦ! ወደ ሥራህ!»

«ቆይ እንጂ፣ አማቾቼ ገና ናቸው!» ብሎ ጮኸ ጅቡ። ወደ ስልኩ ዞረ። «እመት ቀበሮንም፣ ይኸው ውጭ ቆማ ሆድ ዕቃውን እየጠበቀች ያለችውን፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ያለ እሷ ምክር ይህ ዝግጅት አይሳካም ነበር።»

ውጭ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። እመት ቀበሮ ምስጋናዋን ሳትጠብቅ ሄዳለች።

አያ ጅቦ የሚስቱን ታላቅ እህት ባል ስም ለማስታወስ ሲታገል፣ ጋሽ መከተ በበሩ ገባ። አስተዋውቁኝ አላለም። ጅቡን ታፋው ላይ ያዘው። አያ ጅቦ በጭድ ቤቱ ግድግዳ በኩል አዲስ በር ከፍቶ ወጣ፤ እስከ ገደሉ ድረስም ወደ ኋላ አላየም።

ቡላ ትንፋሹ ሲመለስ «ጋሽ መከተ፣ እንዴት ሰሙ?» አለ።

«ሁልጊዜ አዳምጥሃለሁ እኮ።»

«ያ ዝም የሚለው እርስዎ ነዎት?»

«ምን ልበል? ሥራዬ ጥበቃ ነው። አንተ ስትወጣ የግቢውን ዘበኛ ስልክ ከፍቼ ጆሮዬ ስር አደርጋለሁ። ድምፅህ ካለ አህያው አለ ማለት ነው፤ እተኛለሁ። ዛሬ ድምፁ የሌላ ሲሆን ነቃሁ። ቦታውን አንተ ስትናገር ተኝቼ ነበር፤ ደግነቱ እሱ ነገረኝ።»

ቡላ ጆሮዎቹን አቀና። «የዝግጅቱን ይዘትስ እንዴት አገኙት?»

«የቱን ይዘት?» አለ ጋሽ መከተ።

ቡላ በዚህ ትንሽ ተከፋ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ ፖድካስቱን የሚያስተላልፈው ከግቢው ውስጥ ነው፤ ወፍጮው እያጓራ፣ ጋሽ መከተ ስልኩን ጆሮው ስር አድርጎ አጠገቡ እያንኮራፋ። አንድ ቀን «ወንድሜ ቡላ፣ የአማቾቼ ሰላምታ አላለቀም፤ መቼ ልምጣ?» የሚል መልእክት ደረሰው። ቡላ የአድናቂውን ጥያቄ ሳይመልስ ሲያልፍ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ አፋችንን ለዓለሙ ሁሉ ከመክፈታችን በፊት፣ ስናወራ ከሚያጨበጭብልን ይልቅ ዝም ስንል የሚደነግጥልን ማን እንደሆነ ማወቅ እንደሚሻል ነው።