የቬላንጉዲ ውስጠኛ በር

በደቡብ ሕንድ፣ ከካቬሪ ወንዝ ማዶ፣ ቬላንጉዲ በምትባል መንደር አንድ የቆየ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ። ከውጭው በር ተነሥቶ ዓምድ የበዛበት አዳራሽ፣ ከዚያ ጠባብ መተላለፊያ፣ መጨረሻ ላይ የአምላኩ ምስል የቆመበት መስኮት አልባ ክፍል በአንድ መስመር ይገኛሉ። የዚህ ክፍል በር ከጎልማሳ ትከሻ አይበልጥም። እዚያ የሚቆመው ካህን ለሚገባው ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ለማኝ፣ «አንገት» ይላል እንጂ ሌላ ሰላምታ የለውም።

እንደሚነገረው ቤተ መቅደሱን ያሠራው ሴንዳን የተባለ የአካባቢው ንጉሥ ነው። በድንጋይ ጠራቢዎች ሥርዓት የበር ልክ የሚወሰደው ከአሠሪው ቁመት ስለሆነ፣ ዋናው ጠራቢ ኤራን ሚስቱ ናንጋይ የፈተለችውን ገመድ ይዞ ቢቀርብ፣ ንጉሡ ከዝሆኑ አልወርድም አለ ይባላል።

«እንደተቀመጥኩ ለካኝ። አምላኬን ከውጭው በር ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ በሩ ወደ ውስጥ እያነሰ ነው የሚሄደው። እዚያ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚገባው።»

«ዝሆኔ ይጎንበስልህ?»

«ዝሆኑስ እርስዎን ለመጫን በየቀኑ ይንበረከካል። ያስቸገረን ላዩ ላይ ያለው ነው።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ንጉሡ ከሳቁት ሁለቱን እዚያው አሰየፈ፤ የኤራንን ሁለት እጆች በገዛ መጥረቢያው አስቆረጠ፤ ኤራንም ደሙ አልቆም ብሎ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የቀሩት ጠራቢዎች እጃቸውን ይወዱ ስለነበር በሮቹ ሁሉ በዝሆን ልክ ተሠሩ።

ቤተ መቅደሱ ባለቀ በስድስተኛው ዓመት ጠላት መጣ። ሴንዳን ጦሩ ሲያልቅበት ሸሽቶ ውስጠኛው ክፍል ገባ፤ ፈረስ እዚያ አይደርስም ብሎ ይሆናል፣ በሮቹን ማን እንዳስረዘማቸው በዚያ ሰዓት አላስታወሰም። ፈረሰኞቹ ጦራቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ አዳራሹን አለፉ፤ ያገኙትን ካህን በየዓምዱ ሥር እየወጉ ደረሱና፣ ንጉሡን በአምላኩ ፊት አንገቱን ቀልተው ጭንቅላቱን ለጌታቸው ይዘው ሄዱ።

በሕይወት የተረፉት አንድ ሽማግሌ ካህን የውስጠኛው ክፍል በር በሥርዓቱ እንደገና እንዲሠራ ናንጋይን አስጠሩ። ገመዷን ይዛ ስትመጣ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። ከተረከዙ ጀምራ ለካች፤ ሰውነቱ ባለቀበት ላይ ቋጠረች።

«ልጄ፣ ጭንቅላቱ የለም እኮ» አሏት።

«አባቴ፣ ሥርዓቱ አሠሪውን ለኩ ነው የሚለው። ያገኘሁትን ለካሁ።»

ካህኑ ገመዱን ተቀብለው በሩን በዚያው ልክ አሠሩ ይባላል። ዛሬ በበሩ ጉበን መካከል ድንጋዩ ከቀረው ይልቅ የተወለወለ ነው፤ ካህኑ «አንገት» ሲል ያልሰሙ ሰዎች በግንባራቸው የወለወሉት ነው።