ጋኗ የተጠራላት ባልቴት

ተረቴ መጣች፤ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ቦታ ስጧት።

ዱሮ ዱሮ፣ በአንድ አምባ ላይ፣ ባሻ ገላዬ የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። ትልቅ ሰው ነኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ የትልቅ ሰው ቃል ደግሞ አይታጠፍም። ከአጥራቸው ወዲያ አንጓች የምትባል ባልቴት ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ሲመሽ የምታወራው ከጉልቻዋ ጋር ነው፤ ጉልቻ ግን መልስ አያውቅም። የባሻ ሚስት በአራስ ቤት ስትሞት ሕፃኗን ስንዱን አዝላ ያሳደገች እሷ ነበረች።

ስንዱ ደረሰች፣ ታጨች፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። አንጓች ነጠላዋን አጠበች፣ አሰጣች፣ አጠፈች። «መቼም ስንዱዬ እኔ ሳልመርቃት፣ እልል ሳልልላት አትወጣም» አለችና ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጠሪ ትጠብቅ ጀመር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት በዚያ አገር ከሌብነት ቀጥሎ ያለ ነውር ነበር።

ባሻም የጥሪን ሥርዓት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አሽከራቸውን ቢሻውን፣ «ስማ! የሚጠራ ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ሰው የሚጠራው በበቅሎ ነው። ጎረቤት አይጠራም። ጎረቤት እንደ ግድግዳ ነው፤ የት ይሄዳል?» አሉት። ጥበባቸው ይህን ያህል ነበር።

ቢሻው በበቅሎ ወጣ። አንጓች ብድግ አለች። አለፋት። ወደ አገረ ገዥው ሄዶ፣ «በባሻ ቀኝ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት» አለ። ወደ ዳኛው ሄዶ፣ «በባሻ ቀኝ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት» አለ። ወደ ነጋድራሱ ሄዶ፣ «በባሻ ቀኝ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት» አለ። ተራ ሰው አንድ ቀኝ አለው፤ ባሻ ሦስት ነበራቸው።

ሲመለስ አንጓች ደጅ ቆመ። ልቧ ዘለለ።

«እማማ አንጓች፣ ባሻ ልከውኝ ነው።»

«እሰይ! ምን አሉ ልጄ?»

«ጋንዎን ብለዋል፤ ለጠላው።»

«ጋኔን?»

«ጋንዎን።»

ሰጠችው። «ሌላስ አላሉም?»

«አላሉም።»

በማግስቱ መጣ። «ሙቀጫዎን ብለዋል።» ሰጠችው። «ሌላስ አላሉም?» «አላሉም።» ቤቷ ባዶ ሲሆን የራሷን ሳል መልሶ ያሰማት ጀመር።

በዋዜማው መጣ። «በርጩማዎን ብለዋል፤ መቀመጫ አነሰ።»

«ሌላስ?»

ቢሻው መሬት መሬት አየ። «ሌላ እንኳ አላሉም፣ እማማ።»

በርጩማዋንም ሰጠችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከአጥር ወዲያ ሙቀጫዋ ሲወቀጥ ድምፁን ለየችው። «አንተስ ሠርግ ቤት ገባህ» አለችው ሙቀጫዋን።

የአምባው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር። የአንዱ ገበታ ተጠራ፣ የሌላው ምንጣፍ ተጠራ። ሰው ግን አልተጠራም።

የሠርጉ ቀን ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኙ።

«የባሻ ቀኝ እኔ ነኝ» አሉ ገዥው።

«እኔስ?» አሉ ዳኛው።

«እኔስ?» አሉ ነጋድራሱ።

በቅሏቸውን አዙረው ተመለሱ። አንዱ ሆዴን ቆረጠኝ፣ አንዱ በቅሎዬ አነከሰች፣ አንዱ ክፉ ሕልም አየሁ ብለው ላኩ።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ፣ ከነሽማግሌዎቹ ደረሰ። ዳሱ ጋን ነው፣ ገበታ ነው፣ መቀመጫ ነው። የሙሽራው አጎት ዙሪያውን አየና፣ «ባሻ፣ ሰዎችዎ የት አሉ?» አለ።

«ይመጣሉ።»

«ዛሬ የሚመርቅ የሌለበት ቤት፣ ነገ ልጆቹ ቢጣሉ ማን ያስታርቅበታል? እልልታ ከሌለበት ቤት ሙሽራ አናወጣም። ፀሐይ ሳታጋድል ሰው ካላየን እንመለሳለን።»

ስንዱ ከጓዳ ሆና ማልቀስ ጀመረች።

ቢሻው እየሮጠ መጣ። «እማማ! ቶሎ ይምጡና እልል ይበሉ!»

አንጓች የስንዱን ልቅሶ ሰማች። እግሯ ሊነሳ ነበር፤ በግድ ያዘችው። «እኔ መች ተጠራሁ ልጄ? የተጠራችው በርጩማዬ ናት። እሷ እልል ትበላ!»

ወደ ሌላው ሮጠ። «ገበታዬ ይመርቅ» አለው። ወደ ሦስተኛው ሮጠ። «ምንጣፌ ይጨፍር» አለው።

ባሻ ራሳቸው በእግራቸው መጡ።

«አንቺ አንጓች!» ዝም።

«አንጓች!» ዝም።

ባሻ በጌታ ፊት እንደሚቆም አሽከር ኩታቸውን አደገደጉ። «እትዬ አንጓች፣ ልጅሽን እየዳርኩ ነው። ነይልኝ።»

«የኔን ሰማሁ። የሌላውስ? ብቻዬን እልል ብል ሙሾ ይመስላል። ከዳር ጀምረህ ጥራ፣ ከኋላህ ነኝ።»

ባሻ ከደጅ ደጅ ዞሩ፣ እየለመኑ። ፀሐይ ሳታጋድል ዳሱ ሞላ። አንጓች እልል አለች፤ ስንዱንም አቅፋ መረቀቻት። ሁሉም ተቀመጠ። ለባሻ ግን በቀኝም በግራም ቦታ አልተረፈም፤ በገዛ ድግሳቸው ቆመው ጠላ ሲቀዱ ዋሉ።

ሙሽራዋ ሄደች። እንግዳውም ዕቃ ዕቃውን ተሸክሞ ቤት ቤቱ ገባ። ባሻ ባዶ ዳስ ውስጥ፣ አንጓች ዕቃ እንጂ ሰው የሌለበት ጎጆዋ ውስጥ፣ በመሐል አጥር። ቆይቶ ቆይቶ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ መጣ።

«እትዬ አንጓች፣ አለሽ?»

ማንም የላከው አሽከር አልነበረም፤ ባሻ ራሳቸው ነበሩ። አንጓች ትንሽ ዝም አለች፤ ደግሞ እንዲጠራት።

«እትዬ አንጓች?»

«አለሁ።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ካልጠሩት ግን የቅርቡም ሩቅ ነው። እኔ ነግሬያችኋለሁ፤ ያልሰማ ካለ ጥሩልኝና ልድገምለት።