አህያው ተሻገረ ወይ?

አንዲት ሴት ነበረች። የሂሳብ መምህርት ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት ቆማለች። ሰሌዳው ሞልቷል፣ እጇ ነጭ ሆኗል፣ ጉሮሮዋ ደርቋል። ዞር አለችና ተማሪዎቿን ጠየቀች፤ «ገባችሁ?»

ክፍሉ በሙሉ ምን አለ? እናንተም ተምራችኋል፣ ታውቁታላችሁ። «አዎ!»

ወገኖቼ፣ ይህን «አዎ» የማያውቅ ማን አለ? የገባውም ይላል፣ ያልገባውም ይላል፤ እንቅልፍ የወሰደውም ጎኑን ሲጎሽሙት ብድግ ብሎ «አዎ» ይላል። መምህርቷም ደስ ብሏት ሰሌዳውን ታጠፋለች። ፈተና ሲመጣ ግን ወረቀቱ ሌላ ነገር ያወራል።

ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚሰማው «አዎ» የምትኬ ነበር። ምትኬ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ለምን እንደዚያ እንደምትጮህ ልንገራችሁ? አባቷ ቁርጡን ነግሯታል። «የዘንድሮውን ፈተና ካላለፍሽ ትምህርቱ ይበቃል፤ አዋሳ አክስትሽ ቤት ሄደሽ ትሠሪያለሽ» ብሏታል። ስለዚህ ልጅቷ ፈርታለች። አልገባኝም ካለች ሰነፍ ሊሏት ነው። ሰነፍ ከተባለች አባቷ ይሰማል። አባቷ ከሰማ መማር ቀረ። እናም አንድም ነገር ሳይገባት «አዎ» ትላለች።

መምህርቷን ይህ የውሸት «አዎ» እንቅልፍ ነሳት። ታዲያ ምን አደረገች? ጌም አመጣች።

አዎ፣ ጌም። አትሳቁ። ልጁን ጆሮውን ይዞ ከጌም ቤት ያወጣ አባት እዚህ መካከል እንዳለ አውቃለሁ፤ ፊቱን ሲያጠቁርብኝ እያየሁት ነው። ቆይ፣ ታገሰኝ ወንድሜ።

መምህርቷ ኮምፒውተር የሚያጠና ወንድም አላት። እሱን ለምና አሠራችው። ጌሙ እንዲህ ነው። አንድ ሰውዬ ጭነት ከጫነ አህያው ጋር ወንዝ ሊሻገር ይመጣል። ማዶ አንድ የተዘጋ በር አለ። ድልድዩ ግን ተበላሽቷል፤ ግማሹን ጎርፍ ወስዶታል፣ ሲሶውን ምስጥ በልቶታል። ሁለቱን ቀዳዳ አንድ ላይ የሚደፍን ጣውላ መምረጥ የልጆቹ ፋንታ ነው። ልኩን ከመረጡ ሰውዬው ይሻገራል፣ በሩም ይከፈታል። ከተሳሳቱ ሰውዬው ከነአህያው ወንዝ ይገባል።

መምህርቷ ምትኬን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻት። «ክፍልፋይ መደመር ገባሽ?»

«አዎ ቲቸር።»

«እሺ፣ እንግዲያው አሻግሪያቸው።»

ምትኬ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደመረች። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመረችና ሁለት አምስተኛ የምትለዋን ጣውላ መረጠች። ሰውዬው ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቦጭረቅ። ከአህያው ከውኃው በላይ የቀረው ጆሮው ብቻ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ገባሽ?» አለቻት ደግማ።

«አዎ ቲቸር» አለች ልጅቷ፤ ምላሷ ለምዶታል። እንደገና ያችኑ ጣውላ መረጠች። እንደገና ቦጭረቅ።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ። ያ ኮምፒውተር አይቆጣም። አይሳደብም፣ ጆሮ አይቆነጥጥም። ግን ደግሞ «አዎ» ቢሉት አይሰማም። ብትጮህለት በሩን አይከፍትም። ዝም ብሎ ይጠብቃል። እስክትሻገር ድረስ ይጠብቃታል።

ምትኬ ስክሪኑን አየች፣ አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ክፍል ተሰምቶ የማያውቅ ቃል ተናገረች። «ቲቸር፣ አልገባኝም።»

መምህርቷ ምን አለቻት መሰላችሁ? ሰነፍ አለቻት? አቅፋ ሳመቻት። «ጎሽ! ዛሬ ገና መማር ጀመርሽ» አለቻት። ይህን የሰሙ ከኋላ እጃቸውን ማውጣት ጀመሩ። እኔም አልገባኝም። እኔም ቲቸር። አቤት ደስታ! ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ክፍሉ እርስ በርሱ ሲፈራራ ነው የኖረው።

«በይ፣ ሁለት አምስተኛዋን ከግማሹ ጎን አስቀምጫት» አለች መምህርቷ። ምትኬ አስቀመጠችና ደነገጠች። «እንዴ፣ ግማሹን እንኳ አታክልም!» ከዚያማ ማን ያቁማት? ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ቆረጠች። ሦስት ስድስተኛ፣ ሁለት ስድስተኛ። አምስት ስድስተኛ የምትለዋን ጣውላ ስታስቀምጥ አህያው ጆሮውን እያወዛወዘ ተሻገረ፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ።

ልጆቹ በጩኸት ጣሪያውን ሊያነሱት ደረሱ። ጩኸቱን የሰሙት ርዕሰ መምህር አቶ ላምቦሬ እየተጣደፉ መጡ። «ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ጌም ቤት?» አሉ በቁጣ። መምህርቷ ወንበር ስባ «እስኪ አንዴ ይሞክሩት ጋሼ» አለቻቸው። ተቀመጡ። አህያውን ወንዝ ከተቱት። ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ ርዕሰ መምህሩ ገና ከወንበሩ አልተነሡም። «ቆይ፣ አሁን አሻግረዋለሁ» ይላሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህርቷ «ገባችሁ?» ማለት ተወች። «አህያው ተሻገረ ወይ?» ነው የምትለው። በዚህ ጥያቄ ላይ መዋሸት አይቻልማ።

ምትኬስ? ፈተናውን አለፈች። ያ የፈራችው አባቷ ራሱ እጇን ይዞ ሄዶ ሰባተኛ ክፍል አስመዘገባት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እኔም እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ በየሳምንቱ «ገባችሁ?» ብዬ እጠይቃችኋለሁ። እናንተም ትመልሳላችሁ። የተማሪ «አዎ» አለ፤ የእኛስ? የእኛ «አሜን» ነው። የገባውም ይላል፣ ያልገባውም ይላል፣ ያንቀላፋውም ብድግ ብሎ ይላል።

«ገባችሁ» የሚለው ቃላችን ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ነገሩ ልባችሁ ገባ ወይ? ደግሞስ፣ እናንተ በበሩ ገባችሁ ወይ? ጌታችን በተዘጋ በር ፊት ቆመው ስሙን ስለሚጠሩ ሰዎች ተናግሯል። ጩኸት አልጎደላቸውም። አልገቡም እንጂ።

ባለፈው እሁድ ስለ ይቅርታ ሰበክሁላችሁ። ያላችሁት አሜን የቤተ ክርስቲያናችንን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከዚያ ምን አየሁ? ስም አልጠራም። በአጥር የተጣላችሁ ጎረቤታሞች አንዳችሁ በቀኝ በር፣ አንዳችሁ በግራ በር ወጣችሁ። አሜን ብላችሁ ነበር እኮ። አህያው ግን ወንዝ ውስጥ ነው።

አልሰድባችሁም። ያቃተው «ፓስተር፣ ይቅር ማለት አልገባኝም፣ ከየት ልጀምር?» ይበለኝ። ጎሽ ብዬ አቅፈዋለሁ፤ አብረን ቁጭ ብለን ከመጀመሪያዋ ጣውላ እንጀምራለን። እግዚአብሔር የወደቀውን እንደገና ሞክር የሚል አምላክ ነው። ወድቃችሁ ብትመጡ አይሰለቻችሁም። ተሻግሬአለሁ እያላችሁ ወንዝ ዳር መቆማችሁ ነው የሚያሳዝነው።

ስለዚህ ዛሬ የግራውን በር አስቆልፌዋለሁ። ክፍት ያለው አንድ በር ብቻ ነው፤ ሁላችሁም በእሱ ነው የምትወጡት፣ ትከሻ ለትከሻ።

በሉ ተነሡ። አሜን አትበሉኝ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያችኋለሁ።