ጳጉሜን ሳይገዙ የመጡት ሥራ አስኪያጅ

አንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናቱን ክትባት የሚመዘግበው በነፃ በተገኘ ዳታቤዝ ነበር። ሠሪዎቹ «ማንም ይቅዳው፣ የጎደለውንም ይሙላበት» ብለው የለቀቁት ነው። ታዲያ አንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ሠሪዎቹን ጠቅልሎ ገዛና ሥራ አስኪያጁን አቶ ልዑልሰገድን ወደ ጤና ጣቢያው ላከ።

እሳቸውም ከረባታቸውን እያስተካከሉ ገቡና፣ «አሮጌው ይጥፋ! ከዛሬ ጀምሮ በእኛ አዲሱ ብቻ ነው የሚመዘገበው» አሉ።

መዝጋቢዋ ሲስተር ወይንሸት፣ «ኧረ ጌታዬ፣ እኛ እኮ በአሮጌው ላይ የጎደለውን ሞልተንበታል» አለች።

«የእኛ ደግሞ ምን ይጎድለዋል? በአዲሱ የማይመዘገብ አንድ ልጅ አምጡና አሮጌውን ትቼላችሁ እሄዳለሁ!» አሉ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ።

ይሄኔ ልጇን ያዘለች አንዲት እናት ብድግ አለች። የልጄ የክትባት መዝገብ ሊጠፋብኝ ነው ብላ ስትሰጋ ነው የቆየችው። «በሉ እስቲ ይቺን ይመዝግቡልኝ። የተወለደችው ጳጉሜን ሦስት ነው» አለች።

ሰውዬው ቢፈልጉ ቢፈልጉ የወሮቹ ዝርዝር ነሐሴ ላይ አለቀባቸው። «በቃ መስከረም አንድ እንበላታ! ሦስት ቀን ምን አላት?»

«ውይ ጌታዬ!» አለች ሴትዮዋ። «ምጥ ሦስት ቀን ማዘግየት ከቻሉማ፣ ያን ዕለት እንደዚያ ስጮህ የት ነበሩ? አሥራ ሁለቱን ወር ገዝተዋል፣ ይባርክልዎ። አሥራ ሦስተኛዋን አሮጌው ላይ የጨመርናት እኛው ነን፤ እሷን ከነልጄ ይተዉልን።»