ጣትዎን ያንሱለት

አንድ የደን እሳት ጥሪ ተቀባይ ነበር፤ ስሙ ደምሌ ይባላል። ሥራው እሳት ማጥፋት አልነበረም። ኮረብታ ላይ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ፊት ይቀመጣል፤ ከማማ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ጭስ አየን ሲሉት፣ የትኛው ቡድን በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ፣ ውኃ የት እንደሚገኝ እየነገረ ሰው ያሰማራል። እሳቱን በራሱ ዓይን አያየውም። የሚያየው ሌሎች በሚነግሩት ነው፤ ስለዚህም መስማት ያውቅ ነበር። በአጭሩ ይጠይቃል፣ ብዙ ያዳምጣል። እሳት የሚያጠፉት ሰዎችም "ደምሌ ሬዲዮ ላይ ካለ በሰላም ቤታችን እንገባለን" ይሉ ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ የሚኖረው ከአንድ ልጁ ከጥላዬ ጋር ነበር፤ ልጁንም እንደ ዓይኑ ብሌን ይወደዋል። ፍቅሩ ግን ከአፉ ሲወጣ ትእዛዝ ሆኖ ነው የሚወጣው። ብላ፣ ደርብ፣ አታምሽ፣ ያ ጓደኛህ አላማረኝም፣ ጫማህን አድርቅ። ጥላዬ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈት ሲያደርግ፣ አባት መልሱን ቀድሞ ይሰጠዋል። ልጁ አድጎ እሳት ከሚያጠፉት ቡድኖች ወደ አንዱ ሲገባም ትእዛዙ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በመጨረሻ ጥላዬ "እሺ አባባ" ከማለት በቀር ቃል አጣ። ደምሌ ደግሞ ለጎረቤቱ "ይህ ልጅ ምን እንዳደረግኩት እንጃ፣ አኩርፎኛል" እያለ ያማዋል። እኛ ወላጆች እንዲህ ነን፤ አፍ አስይዘን ስናበቃ ለምን አትናገርም እንላለን።

አንድ የመጋቢት ቀን፣ ማር ሊቆርጡ ደን የገቡ ሽማግሌ ለንቦቹ ጭስ ብለው ያቀጣጠሉት ችቦ ደረቁን ሣር ያዘው። ነፋስ ነበርና እሳቱ ወደ አስታው ቁጥቋጦ ተዛመተ። ደምሌ እንደ ልማዱ ቡድኖቹን አሰማራ፤ የጥላዬ ቡድንም ወደ ሸንተረሩ ወጣ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ። ደምሌ ሁሉም እንዲወርዱ አዘዘ፤ ወረዱም። ከዚያ የቡድኑ መሪ ድምፅ በሬዲዮው መጣ።

"ማዕከል፣ ጥላዬ ከእኛ ጋር የለም። ማር ቆራጩ እዚያ ቀርተዋል ብሎ ሮጦ ተመለሰ። ሬዲዮውን ይዟል።"

ደምሌ ወዲያው የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነ።

"ጥላዬ፣ በወንዙ በኩል ውረድ። ሰማህ? በወንዙ በኩል ነው የምልህ። ለምን ተመለስክ? ማን ተመለስ አለህ? መልስልኝ እንጂ። ልጄ፣ መልስልኝ።"

መልስ የለም። ደግሞ ጠራው፤ አሁንም መልስ የለም። ቁጣው ልመና ሆነ፤ ልመናውም ወደ ለቅሶ ተለወጠ። "ልጄ ሞተብኝ" አለ እዚያው ሬዲዮ ላይ።

አብራው የምትሠራው ወይዘሮ አትጠገብ ካርታው ላይ ምልክት ታደርግ ነበር። ቀና ብላ ስታይ የደምሌ ጣት ቁልፉን ተጭኖ እንደያዘ ነው። ያ ሬዲዮ ቁልፉ ሲጫን ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ተጭነው እስከያዙት ድረስ ከወዲያ ያለው ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጮህ ድምፁ አይደርስም። ይህን ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ የሚያስተምረው ራሱ ደምሌ ነው። ያን ቀን ግን ለአፍታ እንኳ አልለቀቀውም።

"ጋሼ ደምሌ፣ ጣትዎን ያንሱ" አለችው።

"ልጄ እኮ ነው አትጠገብ።"

"ልጅዎ ስለሆነ ነው። ያንሱለት።"

ማንሳት ከበደው። ቁልፉን መልቀቅ፣ ገደል አፋፍ ላይ የያዘውን የልጁን እጅ መልቀቅ ሆኖ ታየው። አትጠገብ አልታገለችውም፤ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ቀስ ብሎ ጣቱን አነሳ።

ሬዲዮው ተንሿሿ፣ ከዚያም የሰው ድምፅ መጣ። "አባባ፣ ይሰሙኛል? በወንዙ በኩል አይሆንም፣ እሳቱ ቀድሞናል። ጠዋት ተቃጥሎ ያለቀው መሬት ላይ ነን፤ እዚህ የቀረ የሚነድ ነገር የለም። ማር ቆራጩ እግራቸው ተሰብሯል፣ ብቻዬን አልቻልኳቸውም። ባትሪውም ሊያልቅብኝ ነው።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ስመልስልዎ ነው እኮ የቆየሁት" አለ።

ደምሌ አፉ ሙሉ ትእዛዝ ነበረው። ዋጠውና "ምን ይታይሃል ልጄ?" ብቻ ብሎ ጠየቀ። ጣቱንም አነሳ።

ጥላዬ የሚያየውን ነገረው። ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ቋጥኝ ሥር ናቸው፤ ከበላያቸው አንድ የኮሶ ዛፍ ሳይቃጠል ቆሟል፤ ጭሱ ወደ ገደሉ እየሄደ ነው። ደምሌ እስከ መጨረሻው ሰማው። ቋጥኙን ከሰው አፍ ያውቀው ነበርና፣ የጥላዬን ቡድን ሰዎች ከሸንተረሩ ጀርባ ባለው የፍየል መንገድ ላካቸው። የጥላዬ ሬዲዮ ወዲያው ጠፋ፤ አባትየውም ዝም ብሎ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌውን በቃሬዛ ተሸክመው ወረዱ። አንዱን ጫፍ የያዘው ጥላዬ ነበር።

ቤት ሲገቡ ደምሌ ልጁን ውኃ እያፈሰሰ ጥላሸቱን አስታጠበው። ለምን ተመለስክ ሊለው ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተወውና "እስቲ ንገረኝ" አለው። ጥላዬ ፊቱን ደጋግሞ ታጠበ። አባትየውም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ጠበቀው።

"ሲጠሩኝ ሁሉንም እሰማ ነበር" አለ ጥላዬ በመጨረሻ። "ድምፅዎ ስላለ እሳቱን አልፈራሁም። ልጄ ሞተብኝ ሲሉ ነው የፈራሁት። እኔ አለሁ እላለሁ፣ እርስዎ የለህም ይሉኛል።"

ደምሌ እንባው መጣ። "ዛሬ ብቻ ነው እንዲህ ያደረግኩህ?" አለው።

"አይደለም አባባ" አለ ልጁ። ከዚያም ያወራው ጀመር፤ የቀረበው ራት እስኪቀዘቅዝ ድረስ አወራው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ስንወድ እንናገራለን፤ ስንፈራ ደግሞ አብዝተን እንናገራለን። ለባዕድ የምንሰጠውን ጆሮ ለቤታችን ሰው እንነፍጋለን፤ ከዚያ ዝም ሲለን የጨከነብን ይመስለናል። የሚወዱትን ሰው መጥራት ደግ ነው። ከጠሩ በኋላ ግን አፍን ዘግቶ መጠበቅ አለ፤ የሚከብደው እሱ ነው።

እርስዎስ፣ አኩርፎኛል ብለው ያዘኑበት ሰው አለ? ምናልባት ሲመልስልዎ ቆይቶ ይሆናል።