ሙሽራ ያደረሰው ጣሳ

አንድ ሰው ነበረ። አንዲት መኪና ነበረችው።

መኪና ስላችሁ ዝም ብላ መኪና እንዳትመስላችሁ! በኮምቦልቻ ምድር በዕድሜ የሚበልጣት ነገር ቢኖር ተራራው ብቻ ነው። ስትነሣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይሸሻል። ስትሄድ ሰማያዊ ጭሷ ከኋላዋ እንደ ነጠላ ይጎተታል። ሰውዬው ግን ይወዳታል፤ ልጆቹን ያሳደገው በእርሷ ነው። እኔም ተሳፍሬባታለሁ። ይኸው ዛሬ ከፊታችሁ በሕይወት መቆሜን እንደ ተአምር ቁጠሩልኝ።

ታዲያ የበኩር ልጁ ትርሲት ልትዳር ሆነ። ሙሽራው የደሴ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ የሙሽራው ወገን ስለሚያመጣው ባለ አበባ መኪና ሲያወሩለት ሰውዬው ጉልበቱን መታ።

"ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በእኔ መኪና ነው! እኔው ነድቼ ደሴ አደርሳታለሁ!"

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ዳገት ታውቁታላችሁ? ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ወደ ሰማይ ከሚያደርሱት መንገዶች ሁለተኛው እርሱ ነው።

ሰውዬው ይመር የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ መካኒክ ነው። "ጋሼ፣ በዚህ ጭስ ሙሽራ አይጫንም" አለው። "ደሴ ስትደርስ ቬሎዋ ጠቁሮ የከሰል ነጋዴ ሊያስመስላት ነው።"

ይመር ምን አደረገ? ወፍራም የብረት ጣሳ አመጣ። ውስጡን በድስት መፈተጊያ ሽቦ ሞላው፣ ሁለት ቱቦ ገጠመለት፣ ሞተሩ አጠገብ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ይተነፍሳል። ሲተነፍስ የዘይት ጭጋግ ያወጣል፤ ያ ጭጋግ በቱቦ ዞሮ መልሶ ሞተሩ አፍ ውስጥ ይገባል። የገዛ ትፋቱን መልሶ ይውጣል ማለት ነው! ጣሳው መሐል ላይ ይቆምና ዘይቱን ያስቀራል፣ አየሩን ያሳልፋል። በቃ። እኔ አንዴ አይቼ ነው የገባኝ። ይመር ራሱ "መምህር፣ አንተማ መካኒክ መሆን ነበረብህ" ብሎኛል። በአፉ አላለውም፤ ሊል እንደፈለገ ግን ከፊቱ አንብቤአለሁ።

ጭሱ ቀነሰ! ሰውዬው ደስታውን አልቻለውም፤ ገበያውን እየዞረ ክላክስ አጮኸ። ሙሽራው ራሱ እንዲህ የሚደሰት አይመስለኝም።

ይመር አንድ ነገር ብቻ ነግሮት ነበር፤ "ጋሼ፣ በየሳምንቱ ክፈተውና ድፋው።"

ሰውዬው ከፈተው። ምን አየ? ማኪያቶ የመሰለ፣ የሚያዳልጥ፣ የሚገማ አተላ! ጣሳው ግማሽ ደርሷል። ሰውዬው ጣሳውን ፈትቶ በእጁ አንጠልጥሎ እየተንጠባጠበ ወደ ይመር ጋራዥ ገሰገሰ።

"ይመር! ምንድን ነው መኪናዬ ውስጥ የጨመርክብኝ?"

"እኔ ምንም አልጨመርኩም ጋሼ። የወጣውን ነው የያዝኩልህ።"

"ይህች መኪና ስንት ዘመን ስትሄድ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ታይቶባት አያውቅም!"

"አይታይማ! ሞተሩ መልሶ እየጠጣው።"

"ሞተሬን ሰካራም ልታደርገው ነው?"

"እኔ ምንም አላልኩም። የተናገረው ጣሳው ነው።"

"እንግዲያው አንተም ጣሳህም ከፊቴ ጥፉ! ሰርጉም ላይ እንዳላይህ!"

ጣሳውን ወርውሮለት ሄደ። ቱቦውንም እንደ ድሮው መልሶ ገጠመ። መኪናዋን አጠበ፣ ወለወለ። "ይኸው ጸዳች!" አለ። ጸዳች ወይ? እናንተ ንገሩኝ፤ ጸዳች ወይ?

ትርሲት አለቀሰች። እጅዋን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ሲከፋት የሚያስቃት አጎቷ ነው። "አባባ፣ አጎቴ ይመር ከሌለ ሰርጉ ምን ሰርግ ነው?" አለችው። አባት ግን ወይ ፍንክች። "ያዋረደኝን ሰው በሰርጌ አላበላም!"

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ከኋላችን መቶ መኪና ተከተለ። አትሳቁ! እሺ፣ መጨረሻ ላይ የምትንፏቀቀዋን ባጃጅ ጨምሮ አሥር ይሆናሉ። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ ሚዜው ከፊት፣ አባት መሪውን ጨብጦ አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ አቅንቷል። እኔ በሁለተኛው መኪና ነበርኩ። ዘፈኑ ቀለጠ፤ ከሁሉም የእኔ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሐርቡ ከተማ ድረስ ተሰምቷል ብለውኛል።

ዳገቱ ተጀመረ። አንደኛውን ጠመዝማዛ አለፈች። ሁለተኛውን አለፈች። ሦስተኛው ላይ "ብፍ!" አለች። ጭሱ ተነሣ! ወገኖቼ፣ ጦሳ ተራራ ጠፋ! የመንገዱ ዳር ዝንጀሮዎች ሲያስሉ በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ተንተፋተፈች፣ ቆመች።

ዘፈኑም ቆመ። አባት ሞተሩን ደጋግሞ ሞከረ፤ እምቢ አለች። ወረደና ኮፈኑን ከፈተ። የሚያየውን ሳያውቅ ዝም ብሎ አየ። ያ የቀና አንገቱ ጎበጠ።

"ሌላ መኪና ውስጥ ይግቡ" አለ አንዱ። የሰውዬው ፊት ሲወድቅ አየሁ። ያቺን ሕልም ስንት ዓመት አሳድጓታል! ሌላ ሰው ነድቶ ልጁን ሊወስድበት ነው።

በዚህ መሐል ያቺ የመጨረሻዋ ባጃጅ እያቃሰተች ደረሰች። ከውስጧ ማን ወረደ? ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረቫት አስሮ፣ በአበባማ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ የታቀፈ ሰው። ይመር! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!

"አጎቴ!" ብላ ትርሲት ቬሎዋን ሰብስባ ዘላ ወረደች።

"እንኳን ደስ አለሽ፣ የኔ እመቤት" አለና ስጦታውን ሰጣት። "እዚሁ ክፈቺው፤ ደሴ ላይ አይጠቅምሽም።"

ወረቀቱን ቀደደችው። ምን ይመስላችኋል? ጣሳው! ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ቀይ ሪባን ታስሮለት!

ትርሲት ሳቀች። ሙሽራው ሳቀ። አሥሩም መኪና ሳቀ። ያልሳቀ አባት ብቻ ነው። ይመር ወደ እርሱ ቀና ብሎ አላየም፤ ከኪሱ መፍቻ አወጣ፣ ኮቱን ለሚዜው ሰጠ፣ አጎነበሰ። በዘይት የታፈኑትን እሳት ጫሪ ካንዴላዎች መፍታት ጀመረ።

አባት ጠጋ አለ።

"ይመር... ካንዴላውን እኔ ልያዝልህ?"

"ተው ጋሼ፣ ሱፍህ ይቆሽሻል።"

"ይቆሽሽ!" አለ ሰውዬው።

እጅጌውን ሰበሰበና ገባበት። ጥቁሩን ካንዴላ በገዛ መሐረቡ ጠረገ። ጣሳውንም በገዛ እጁ መልሶ አሰረ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ኮፈን ሥር፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት እየተጋጩ! ምን እንደተባባሉ ልሰማ ተጠግቼ ነበር፤ ሲወጡ ሁለቱም ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ጭሱ ነው አሉ። እሺ፣ ጭሱ ይሁን።

መኪናዋ ተነሣች! እልልታው ዳገቱን ከእኛ ቀድሞ ወጣ። ይመር የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሚዜው ኮቱን ታቅፎ ወደ ባጃጇ ወረደ። ያ አባት ልጁን ደሴ አደረሰ። ዛሬ ቤታቸው ብትሄዱ የሰርጉ ፎቶ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሙሽራዋ መሐል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር እጅ ያላቸው ሰዎች። ቬሎው ትከሻ ላይ የአባቷ አውራ ጣት ታትሟል። ይታጠብ ቢሏት እምቢ ብላለች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወዴት ትሸሻላችሁ? በሩ ሩቅ ነው!

ጣሳችሁ ማነው?

ሚስትህ "ዘንድሮ ልጆቹ ስትገባ ይደበቃሉ" ስትልህ፣ "ይህች ሴት ሰላሜን ነሣችኝ" አላልክም? ልጆቹን የደበቃቸው ንግግሯ ነው እንዴ? ጓደኛሽ "ስለ ሰው ያወራሽው ልክ አይደለም" ስትልሽ ስልኳን ማንሣት አልተውሽም? ልካችንን ያሳየንን ሰው ከኑሯችን ፈትተን ስንወረውር፣ "ይኸው ጸዳሁ" ስንል፣ ጸዳን ወይ?

አደራ፣ ክፉ የተናገራችሁን ሁሉ ጣሳ አድርጋችሁ እንዳትሾሙት። ነውራችሁን ገበያ ወስዶ የሚዘረግፍም አለ። ይመር ግን ያንን አተላ ለማንም አላሳየም። ያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ተሰድቦም ጣሳውን አጥቦ፣ ሪባን አስሮ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ተከተለ። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወታችሁ አለ? ካለ ሀብታሞች ናችሁ!

እግዚአብሔር ከኋላችን ባጃጅ የሚልክ አምላክ ነው። ጥሪ ከልክለናቸው እንኳ የሚመጡልንን ሰዎች ይልካል። ምናልባት ዛሬም አንዱ ከኋላችሁ እያቃሰተ ዳገቱን እየወጣ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ለዚያ ለወረወራችሁት ሰው ደውሉለት። ቤቱ ሂዱ። በሩ ላይ ስትደርሱ ክብራችሁ እጅጌያችሁን ይዞ "ተው፣ ትቆሽሻለህ" ይላችኋል።

ምን ትሉታላችሁ?

አልሰማኋችሁም! የዳገቱ ዝንጀሮዎች ይስሙ፤ ምን ትሉታላችሁ?

ይቆሽሽ!